ስለ ተከለከለ ደመወዝ

ደመወዝ የሚለው ቃል ሲፈታ ደመ ወዝ ነው። ደም የሕይወት፥ ወዝም የድካም ምልክት ነው። እንግዲህ የሠራተኛን ደመወዝ የሚከለክል ሰው ገንዘብ ብቻ ያስቀረ አይምሰለው፤ የባልንጀራውን ደምና ወዝ በእጁ ይዟልና። ይህንም የቃሉ ፍቺ ብቻ ሳይሆን ቅዱሳት መጻሕፍት በአንድነት ይመሰክሩበታል።

በኦሪት ሕግ የምንደኛ ዋጋ በአሠሪው ዘንድ እንዳያድር ተከልክሏል (ዘሌ. 19፥13)። በዘዳግም ደግሞ ምክንያቱ ተገልጿል፤ ድኃው ተስፋውን የጣለው በዚያ ዋጋ ላይ ነውና ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲከፈለው፥ ሠራተኛው የአገር ልጅ ቢሆን መጻተኛም ቢሆን ልዩነት እንዳይደረግ ታዟል (ዘዳ. 24፥14-15)። ጦቢት ልጁን ጦብያን በመከረ ጊዜ የሠራተኛ ዋጋ በቤቱ እንዳያድር አስጠንቅቆታል (ጦቢ. 4)። ነቢዩ ኤርምያስ ባልንጀራውን ያለ ዋጋ አሠርቶ ቤቱን የሚያንጸውን ወቅሷል (ኤር. 22፥13)። ሚልክያስም የምንደኛን ዋጋ የሚከለክለውን ከመተተኞችና ከአመንዝሮች ጋር ቈጥሮታል (ሚል. 3፥5)። ሲራክ ነገሩን ደም ከማፍሰስ ጋር ሲያስተካክለው፥ ሐዋርያው ያዕቆብ የተከለከለው ደመወዝ ራሱ ድምፅ አውጥቶ ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚጮኽ አስተምሯል (ያዕ. 5፥4)።

ይህን ትምህርት ለመጻፍ ያነሣሣኝ የራሴ ጥፋት ነውና አስቀድሜ እርሱን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአርባ ምንጭ ከተማ፥ ከጨንቻ ደጋ የወረደ አንድ ጐልማሳ ከቅዳሴ በኋላ መስቀል ሊሳለም ቀርቦ ችግሩን አጫወተኝ። በአንድ የሕንፃ ሥራ ላይ በዘበኝነት አገልግሎ የአምስት ወር ደመወዝ ሳይከፈለው ሥራው በሰኔ መጀመሪያ ተቋርጦ ነበር። አሠሪው በደብራችን የታወቀ፥ ለቤተ ክርስቲያን ሥራ እጁን የሚዘረጋ ሰው ነው። ጐልማሳው፦ «አባቴ፥ ልክሰሰው ወይስ ልተወው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም፦ «ልጄ፥ ክርስቲያን ክርስቲያንን አይከስም፤ ታገሥ፥ ሽማግሌ እንልካለን» አልሁት።

ሽማግሌ ተላከ። አሠሪው ለመስቀል እከፍላለሁ አለ። በጋሞ አገር የመስቀል በዓል ማለት ምን እንደ ሆነ አንባቢ ያውቃል፤ በየአገሩ ተበትኖ የሚሠራው ልጅ ሁሉ ያጠራቀመውን ይዞ ወደ ወላጆቹ ደጅ የሚመለስበት፥ ከዘመዶቹ ጋር ለዕርድ የሚያዋጣበት ቀን ነው። መስቀል አለፈ፤ ጐልማሳው ባዶ እጁን መሄድ አፍሮ አገሩ ሳይገባ ቀረ። ደግሞ ለገና ተባለ፤ ገናም አለፈ። በጥር ወር ወደ ፍርድ ቤት በሄደ ጊዜ ተከሳሹ ደመወዙን አልከፈልሁም ብሎ አልካደም፥ ከፈልሁም አላለም፤ ጊዜው አልፏል ብሎ ብቻ መለሰ። ዳኛውም እንደ ሕጉ ክሱ በይርጋ ታግዷል ሲል ወሰነ። ጐልማሳው ዛሬም መስቀል ይሳለማል፤ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰኝም። እኔ ግን ሕጉን ሳላውቅ በሰጠሁት ምክር የአምስት ወር ወዙን ያስቀረሁበት እኔ ነኝ።

ከዚህ በኋላ ጥያቄውን በመጻሕፍት መረመርሁት። ክርስቲያን የደከመበትን ዋጋ በዳኛ ፊት ቢጠይቅ ኃጢአት ይሆንበታልን? ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስ ምእመናን በማያምኑ ዘንድ መካሰሳቸውን ነቅፏል (1ቆሮ. 6)። ነገር ግን ቃሉን አስተውለን ብንመለከት፥ የነቀፈው በወንድማማች መካከል የሚፈርድ አስተዋይ በመታጣቱና ወንድም ወንድሙን በመበደሉ ነው፤ ተግሣጹ በዳዩን ሳይነካ ተበዳዩን ብቻ ዝም የሚያሰኝ አይደለም። እርሱ ራሱም ፍትሕ ሊጐድልበት ባየ ጊዜ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል (ሐዋ. 25፥11)። ጌታችንም ስለ ጸሎት ባስተማረው ምሳሌ፥ ፍርድ ለማግኘት ወደ ዳኛው የተመላለሰችውን መበለት ለአብነት አቀረባት እንጂ አልነቀፋትም (ሉቃ. 18፥1-8)። ትዕግሥት የተበዳዩ ጌጥ ነው፤ የበዳዩ መሸሸጊያ ሊሆን ግን አይገባም።

የቀድሞ አሠሪውን ዋጋ ለሚጠይቅ ሰው ከአባታችን ከያዕቆብ የበለጠ መምህር የለም። ያዕቆብ በላባ ቤት 20 ዓመት አገለገለ፤ ደመወዙም አሥር ጊዜ ተለወጠበት (ዘፍ. 31፥41)። በዚህ ታሪክ አራት ነገር እንማራለን። 1ኛ፥ ሒሳቡን ያውቅ ነበር፤ ስንት ዓመት ስለ ልጆቹ፥ ስንት ዓመት ስለ መንጋው እንዳገለገለ፥ ከመንጋው የጠፋውንም ማን እንደ ከፈለ ለይቶ ተናገረ። 2ኛ፥ ነገሩን በስውር ሳይሆን በዘመዶች ፊት፥ በምስክር አቀረበ። 3ኛ፥ ራሔል ያባቷን ጣዖታት ሰርቃ ነበርና ያ ነገር በተገኘ ኖሮ የያዕቆብ እውነት ሁሉ በከንቱ በጠፋ ነበር፤ ስለዚህ ሠራተኛ በደመወዙ ፈንታ የአሠሪውን ዕቃ አይያዝ። 4ኛ፥ የነገሩ ፍጻሜ ቂም አልነበረም፤ ድንጋይ ከምረው ምስክር አደረጉት፥ በዚያም ላይ አብረው እንጀራ በሉ።

ጌታችን ስለ በደለ ወንድም የሠራው ሥርዓት ሦስት ደረጃ አለው፤ ብቻውን መንገር፥ አንድ ወይም ሁለት ምስክር መጨመር፥ ለጉባኤ መንገር (ማቴ. 18፥15-17)። ደመወዝ የቀረበትም ሰው በዚህ ደረጃ ቢሄድ ሥርዓትንም ሕግንም አያፈርስም።

አስቀድሞ ለአሠሪው ራሱ ይንገረው፤ ቢቻል በጽሑፍ ይስጠውና ግልባጩን ያስቀር። የሠራበትን ቀን፥ የተስማማበትን ዋጋ፥ የተቀበለውንና የቀረውን ለይቶ ይጻፍ። መጻፍ ካልቻለ የሰንበት ተማሪ ይጻፍለት። አብረውት የሠሩትን ሰዎች ስምና መኖሪያ፥ የተቀበለበትን ደረሰኝ፥ በባንክ የገባለትም ቢኖር ያንኑ ማስረጃ ይያዝ። በጽሑፍ አልተዋዋልሁም ብሎ ተስፋ አይቍረጥ፤ የቃል ውልም ውል ነው፤ የደመወዝ መዝገብ መያዝም የአሠሪው ግዴታ ነው።

ሁለተኛ፥ ሽማግሌ ይላክ። የጋሞ ሽማግሎች በዱቡሻ ተቀምጠው ነገርን ሲያበርዱ ኖረዋል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ለበቀል የተነሣውን ወጣት እርጥብ ሣር ይዘው በጕልበታቸው ተንበርክከው እንደ መለሱት አገር ሁሉ አይቷል። የእንዲህ ያሉ አባቶች ቃል ከብዙ ክርክር ያድናል። ነገር ግን ሽምግልና የሕጉን ቀን አያቆምም። ስለዚህ አሠሪው ዕዳውን ያመነ እንደ ሆነ ሽማግሎቹ በቃል ብቻ አይመለሱ፤ ይህን ያህል ደመወዝ አለብኝ፥ በዚህ ቀን እከፍላለሁ የሚል ጽሑፍ አስፈርመው ይምጡ። በጽሑፍ የተሰጠ የዕዳ እምነት የይርጋውን ቈጠራ ያቋርጣልና።

ሦስተኛ፥ ወደ መንግሥት ዳኝነት ይሂድ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል ሲቋረጥ ለሠራተኛው የሚገባው ክፍያ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ እንዲከፈል ያዛል፤ ሠራተኛው የአሠሪውን ንብረት መልሶ ሒሳቡን ለማወራረድ ከዘገየ ግን ቀኑ ሊራዘም ይችላል። በሒሳቡ ክርክር ቢነሣ እንኳ አሠሪው ያመነውን ያህል በጊዜው መክፈል አለበት። ከአቅሙ በላይ የሆነ ምክንያት ሳይኖረው የዘገየውን አሠሪ ፍርድ ቤቱ ከዋናው ዕዳ በላይ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ እንዲከፍል ሊያዝበት ይችላል። የደመወዝ ጥያቄ ግን መከፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ያ ጐልማሳ የወደቀባት ጕድጓድ ይህች ናት። በየወሩ የቀረ ደመወዝ ቈጠራው የሚጀምረው ከየወሩ መክፈያ ቀን ስለ ሆነ፥ ሥራው እስኪያልቅ መጠበቅም ያጐድላል።

አቤቱታው ዛሬ የሥራና ክህሎት በሚባለው መሥሪያ ቤት ለአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ተመልካቾች ሊቀርብ ይችላል፤ ካልተፈጸመም ወደ መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይኬዳል። ሠራተኛ ስለዚህ ጉዳይ የዳኝነት ገንዘብ አይጠየቅም፤ ድኃ ነኝና አልችልም አይበል። በሰው ቤት የምታገለግል ሴት ግን የምትዳኘው በዚህ አዋጅ ሳይሆን በ1952 ዓ.ም. በወጣው በፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ እርስዋም ብትሆን ሳትዘገይ ትጠይቅ።

አሠሪዎች ሆይ፥ በላንቴና በቻኖ ሙዝ የምታስለቅሙ፥ በሴቻና በሲቀላ ሕንፃ የምታሠሩ፥ የዶርዜን ልጅ በሸማ ሥራ ያስቀመጣችሁ ሁሉ ስሙ። «ለእኔም ገንዘቤ አልተለቀቀልኝም» የሚለው ምክንያት ብዙ ጊዜ ይሰማል። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በሕጉ የሠራተኛ ክፍያ ከሌላው ዕዳ ይቀድማል፤ በወንጌልም የወይኑ አትክልት ጌታ ዋጋቸውን የከፈላቸው በዚያው ቀን ምሽት ነው (ማቴ. 20፥8)። ያለህን በጊዜው ስጥ፤ የጐደለውን ጻፍለት፤ ከሠራተኛህ ፊት አትሸሽ።

ካህናት ወንድሞቼ ሆይ፥ የእኔ ስሕተት ለእናንተ ትምህርት ይሁናችሁ። ደመወዝ ተከለከልሁ የሚል ሰው ሲመጣ፥ ታገሥ ከማለታችን በፊት «ሥራህ መቼ አለቀ? መክፈያው መቼ ነበር?» ብለን እንጠይቀው። ፍትሐ ነገሥት ከመንፈሳዊው ክፍል ጋር ሥጋዊውንም ክፍል አጣምሮ ያስተማረን፥ ካህን የፍርድን ነገር እንዳይንቅ ነው። ደግሞም የሠራተኛ ዋጋ እንደ ያዘ የምናውቀው ሰው መባ ሲያመጣ፥ መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ (ማቴ. 5፥23-24) ሳንፈራ እንንገረው። ከሁሉ በፊት ግን የደብራችንን ዘበኛ፥ ግንበኛና ውኃ ቀጂ ደመወዝ እንመርምር፤ በቤታችን ያደረ ደመወዝ ሳለ ሌላውን ልንገሥጽ አንችልምና።

እኔ ወደዚያ አሠሪ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ሕግ ነጻ ቢያወጣህ ኅሊናህ ነጻ አላወጣህም፥ ይርጋ በእግዚአብሔር ፊት የለም አልሁት። ዘኬዎስ ማንም ሳይከሰው አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል መግባቱንም (ሉቃ. 19፥8) አስታወስሁት። እስከ ዛሬ አልከፈለም። ሦስተኛም እሄዳለሁ፤ እናንተም ጸልዩልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።