ይቅር ባይ ዝም ባይ አይደለም

በአርሲ ኦሮሞ ባህል እናት ልጇን ስትድር ሲንቄ የምትባል ቀጭን በትር ታስይዛታለች። ባሏ የበደላት ሚስት ሲንቄዋን ይዛ ትወጣለች፤ ጩኸቷን የሰሙ የመንደሩ ሴቶችም ሥራቸውን ጥለው፣ የየራሳቸውን ሲንቄ ይዘው ከጎኗ ይሰለፋሉ። ሽማግሌ ይቀመጣል። በደሉ በሰው ፊት ይነገራል፣ አጥፊው ጥፋቱን አምኖ ይክሳል፣ ዕርቅ የሚወርደው ከዚያ በኋላ ነው። ሥርዓቱ የገዳ እንጂ የቤተ ክርስቲያን አይደለም። እኔ ግን ስለ ክርስቲያናዊ ይቅርታ ሳስብ ቀድሞ የሚመጣልኝ እሱ ነው።

ለምን ብትል፣ ብዙዎቻችን ይቅርታንና ዝምታን አምታተናል። አሰላም ሆነ በቆጂ፣ አለቃው በሰው ፊት የሚያዋርደው ሠራተኛ አለ፤ የባሏ ዘመዶች እንደ ባዳ የሚያዩአት ምራት አለች፤ ወንድሞቹ የአባቱን መሬት ሲካፈሉ የዘለሉት ታናሽ አለ። «ለእግዚአብሔር ትቼዋለሁ» ይሉሃል። አፋቸው ትቶታል፣ ሆዳቸው ግን ሌሊት ሌሊት ይሟገታል። ወዳጄ፣ አንተም ከነዚህ አንዱ ከሆንክ መልካም ዜና አለኝ፤ ወንጌሉ አፍህን አልዘጋብህም።

ማቴዎስ ምዕራፍ 18ን አውጣ። ጴጥሮስ «ስንት ጊዜ ይቅር ልበል?» ብሎ መጠየቁን፣ መልሱም ሰባ ጊዜ ሰባት መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። ከዚያ ጥቂት ቁጥሮች ከፍ ብሎ ያለውን ግን እንዘለዋለን። እዚያ ጌታ የበደለህን ሰው ሄደህ ለብቻው ጥፋቱን ንገረው ይላል፤ ካልሰማህ አንድ ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ፣ እነሱንም እንቢ ካለ ለጉባኤው ተናገር። ከሲንቄዋ ሥርዓት ምን ያህል ራቀ? በሁለቱም ዘንድ በደል ስሙ ይጠራል። ልዩነቱ፣ ክርስቲያኑ ልቡን ከቂም ለማጽዳት የአጥፊውን ካሣ አይጠብቅም።

ታሪካችንም ይህን ያውቃል። አፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ፋሽስት ከተማይቱን የያዘበት አምስተኛ ዓመት ነበር። የየካቲት 12 ጭፍጨፋ ሐዘን ገና ከየቤቱ አልወጣም። ንጉሡ በዚያ ዕለት ባደረጉት ንግግር በሕዝቡ ላይ የተፈጸመውን ግፍ አንድ በአንድ አነሡ፤ ቀጥለው ክፉ በክፉ እንዳይመለስ አሳሰቡ። ቅደም ተከተሉን ልብ በልልኝ፤ በደሉ ሳይሸፋፈን በቀል ተከለከለ። (ያ ምሕረት ለራሳችን አርበኛ አለመትረፉ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። በላይ ዘለቀ የተሰቀለው በጥር 1937 ዓ.ም. ነው።)

በዳዩ ጥፋቱን ባያምንስ? ወይም ዛሬ አልቅሶ ነገ ቢደግምስ? ዳዊትን ተመልከት። ሳኦል ሊገድለው ሲያሳድደው በዋሻ ውስጥ እጁ ላይ ወደቀ፤ ዳዊት የልብሱን ጫፍ ቆርጦ ነፍሱን ተወለት። ከዋሻው ወጥቶም ድምፁን ከፍ አድርጎ በደሉን ነገረው። ሳኦል አለቀሰ። ከዚያስ? ሳኦል ወደ ቤቱ፣ ዳዊት ወደ አምባው! አብረው አልተመለሱም። ባሏ እጁን የሚያነሣባት እህቴ ይህን ታሪክ ደጋግማ ብታነብ ደስ ይለኛል፤ ከልቧ ይቅር ብላ፣ ከልጆቿ ጋር ደኅና ቦታ ማደር ትችላለች። ፍቅር ማለት ለሁለተኛው ዱላ ጀርባ ማዘጋጀት ነው የሚል መካሪ ካጋጠማት፣ መካሪውን ትቀይር።

መገፋት ሁሉ ደግሞ ከጠላት አይመጣም። የአሰላው ኃይሌ ገብረሥላሴ በየቃለ ምልልሱ እንደሚያወራው፣ ገበሬ አባቱ ሩጫውን አልወደዱለትም፤ የሚፈልጉት ትምህርቱን ወይም እርሻውን እንዲይዝ ነበር። እሱ ግን ሮጠ። በ1988 በአትላንታ፣ በ1993 መስከረም ደግሞ በሲድኒ የ10,000 ሜትር ወርቅ አጠለቀ። አንተስ፣ የገፋህ ሰው አንድ ቀን እስኪያጨበጭብልህ ሥራህን ለምን ታቆማለህ? ይቅር በለውና ጫማህን እሰር፤ ጠዋቱ ያንተ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት የምትችለውን ጀምር። በጸሎትህ ስሙን ጥራው፤ መጀመሪያ ጥርስህን ነክሰህ ቢሆንም ግድ የለም። ሰከን ስትል ሄደህ ያደረገብህን ሳትሳደብ ንገረው። መሄዱ የሚያስፈራህ ከሆነ እሱም የሚያከብረውን ሽማግሌ ወይም የንስሐ አባትህን አስቀድም። ጉዳዩ የሕግ ከሆነ መክሰስም ነውር የለበትም። ጳውሎስ በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ተገርፎ ታሰረ፤ በዚያው ሌሊት የጠባቂውን ሕይወት አተረፈ። ሲነጋ ሹማምንቱ በስውር ሊያሰናብቱት ቢልኩበት ግን እንቢ አለ፤ ራሳቸው መጥተው እንዲያወጡት ጠየቀ። መጥተውም ለመኑት።