የፒክአፕ ጭነት አደላደል

ከሸዋ ሮቢትና ከይፋት ቆላ ሽንኩርትና ማሾ የሚጭን ፒክአፕ ከ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሆነው ጣርማበር ይወጣል። በዚህ ዳገት ላይ የጭነቱ ብዛት ብቻ ሳይሆን ያረፈበት ቦታም ወሳኝ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። በፊትና በኋላ እግሮቹ መካከል 3 ሜትር ርቀት ያለው መኪና 6 ኩንታል ጫነ እንበል። የጭነቱ እምብርት ከኋላ እግር 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ከሆነ የኋላው 540፣ የፊቱ 60 ኪሎ ይሸከማል። እምብርቱ በዚያው ልክ ወደ ኋላ ካለፈ ግን የኋላው 660 ኪሎ ይሸከማል፤ ከፊቱ 60 ኪሎ ይነሣለታል። ዳገቱ ሲጨመርበት ፊቱ ይበልጥ ስለሚቀል መሪው በሚገባ አይታዘዝም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንመክራለን፦

1. ከባዱን ጆንያ ከጋቢናው ጀርባ አስጠግቶ ወለሉ ላይ መጫን፤ ቀላሉን ከላይ ማድረግ።
2. ግራና ቀኙን ማመጣጠን፤ ጭነቱ እንዳይሸሽ በገመድ ማሰር።
3. በተከፈተ የኋላ ስፖንዳ ላይ አለመደርደር፤ ለመኪናው ከተፈቀደው ክብደት አለማለፍ።
4. መኪናው ባዶ ሳለ ከመሬት እስከ ፊት ጎማው መከለያ ያለውን ከፍታ በእንጨት ለክቶ ምልክት ማድረግ። ከተጫነ በኋላ መከለያው ከምልክቱ በላይ ከሆነ ጭነቱ ወደ ኋላ አመዝኗልና ሳይነሡ ወደ ፊት ማሸጋገር ይገባል።

የልማት ሠራተኞች ይህን ልኬት በማኅበሩ መጋዘን ደጃፍ ለጫኞችና ለሾፌሮች እንዲያሳዩ እናሳስባለን።