ሞገድና ወራጅ ውኃ ሲገናኙ፦ በአባያ ሐይቅ የወንዝ አፍ ላይ የታንኳ ጉዞ

ከጌዴኦ ደጋ የሚነሡ ጅረቶች በጊዳቦና በገላና ወንዞች አማካይነት ወደ አባያ ሐይቅ እንደሚገቡ ይታወቃል። ዲላ ተቀምጦ የለገዳራን ወንዝ የሚሻገር ተማሪ ስለ ታንኳ አደጋ የሚያስብበት ምክንያት ላይታየው ይችላል። ይሁን እንጂ እዚህ ደጋው ላይ የሚዘንበው ዝናብና እዚያ ሐይቁ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ የሚገናኙበት አንድ ሥፍራ አለ፤ እርሱም የወንዙ አፍ ነው። ነፋስ የበረታበት ቀዛፊ መጠጊያ ፍለጋ ወደዚያ ያመራል። ሥፍራው ግን ከሐይቁ መካከል ይልቅ የሚያሰጋበት ጊዜ አለ። በዚህ ጽሑፍ ምክንያቱን ለማሳየት እንሞክራለን።

በሰሜን አሜሪካ የኮሎምቢያ ወንዝ ከሰላማዊ ውቅያኖስ ጋር የሚቀላቀልበት በር በዚህ ጠባዩ የታወቀ ነው፤ ከ1792 እ.ኤ.አ. ወዲህ 2,000 ያህል መርከቦች እንደጠፉበት ይነገራል። አንባቢ «አባያ ውቅያኖስ አይደለም» ሊለን ይችላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን በአንድ ረገድ ሐይቅ ይብሳል።

በጥልቅ ውኃ ላይ የሞገድን ፍጥነት ለማግኘት የስበትን ፍጥንጥነት፣ ማለትም 9.8 ሜትር በሰከንድ ካሬን፣ በዑደት ጊዜው አባዝተን ለ6.28 እናካፍላለን። የዑደት ጊዜ ማለት አንዱ የሞገድ ጫፍ ካለፈ በኋላ ቀጣዩ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ነው። በሐይቅ ላይ ነፋስ የሚያስነሣው ሞገድ አጭር ነው። የዑደት ጊዜው 2 ሰከንድ ቢሆን ፍጥነቱ 3.1 ሜትር በሰከንድ፣ ርዝመቱም 6.2 ሜትር ያህል ይሆናል።

አሁን ይህ ሞገድ ከወንዙ የሚወጣ ጅረት ገጠመው እንበል። ጅረቱ ሞገዱን ወደ ኋላ እየገፋ ያሳጥረዋል፤ አጭር ሞገድ ደግሞ በጥልቅ ውኃ ዘገምተኛ ነው። በመጨረሻ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። የሞገድ ጉልበት የሚጓዘው በሞገዱ ጫፍ ፍጥነት ሳይሆን በግማሹ ስለሆነ፣ የግማሽ ግማሽ ሩብ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ የጅረቱ ፍጥነት የሞገዱን የመጀመሪያ ፍጥነት ሩብ ሲያህል ጉልበቱ ወደፊት መሄድ አይችልም። እዚያው ይከማቻል፤ ሞገዱ ቁልቁለቱ እየጨመረ ይቆማል፤ ከፍታው የርዝመቱን አንድ ሰባተኛ ሲያህል ይሰበራል።

ለ2 ሰከንዱ ሞገድ ይህ ወሰን 0.78 ሜትር በሰከንድ ነው፤ ከሰው እርምጃ ያነሰ ፍጥነት! የ10 ሰከንድ የውቅያኖስ ሞገድን ለማቆም ግን 3.9 ሜትር በሰከንድ የሚሮጥ ጅረት ያስፈልጋል። ሐይቅ ይብሳል ያልነው ለዚህ ነው። ከወሰኑ ግማሽ በሆነ ጅረት እንኳ የሞገዱ ርዝመት ከሩብ በላይ ያጥራል።

ሁለተኛው ምክንያት ደለል ነው። የአባያን ውኃ ቀይ ቡናማ ያደረገው ይኸው ደለል፣ ወንዙ ሐይቁን ሲነካ ፍጥነቱን ስለሚያጣ፣ በአፉ ላይ እንደ ቤት ደፍ ይጋደማል። ሞገድ የውኃው ጥልቀት ከከፍታው ብዙም የማይበልጥበት ቦታ ሲደርስ ይሰበራል፤ ደፉ ላይ ያለው ውኃ 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የግማሽ ሜትር ሞገድ አያልፍም። ደፉ ከጎርፍ ወደ ጎርፍ ቦታውን ስለሚለውጥ የአምናው መግቢያ ዘንድሮ ላይኖር ይችላል። (በእንሰትና በቡና ላይ ዛፍ የሚያጠላው የጌዴኦ እርሻ አፈሩን መያዙ ለታችኛው ቀዛፊም ውለታ ነው። ይህ መልክዓ ምድር በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ይህን ጉዳይ ያነሣ ሰው አልሰማንም።)

እጅግ አሳሳቢው ነገር የጅረቱ ምንጭ ከዓይን መራቁ ነው። ሐይቁ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ ቡሌ ወይም ይርጋ ጨፌ አካባቢ የጣለ ዶፍ ከሰዓታት በኋላ ወንዙን ያፈጥነዋል። ቀዛፊው ማለዳ በሰላም የወጣበት በር ሲመለስ ሌላ በር ሆኖ ይጠብቀዋል።

መግባትም ከመውጣት ይከብዳል። የሚወጣ ታንኳ ሞገዱን በአፍንጫው ይቀበላል። የሚገባውን ግን ሞገዱ ከኋላ ያነሣዋል፤ አፍንጫው ቀርፋፋው ውኃ ውስጥ ይቀረቀራል፣ ኋላው ወደፊት ይገፋል፣ ታንኳውም ወደ ጎን ዞሮ ይገለበጣል። ተሳፋሪ ከቆመ ወይም ጭነት ከተቆለለ የክብደት ማዕከሉ ከፍ ስለሚል መገልበጡ ይፈጥናል። በአባያ መገልበጥ ደግሞ የዋና ችሎታ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ አዞና ጉማሬ አሉ። የመንሳፈፊያ ሰደርያ መልበስ የሚገባው ደፉ ጋ ሲደረስ ሳይሆን ከመነሻው ነው።

አደጋውን አስቀድሞ ለመገመት ሰዓትና አንድ ብርቱካን ይበቃሉ። ብርቱካን አብዛኛው አካሉ ውኃ ውስጥ ስለሚሆን ነፋስ ብዙም አይገፋውም። ከውኃው ዳር ራቅ ብሎ ወርውሮ 10 ሜትር የሚሄድበትን ጊዜ መቁጠር ነው። 15 ሰከንድ ከወሰደ ጅረቱ 0.67 ሜትር በሰከንድ ይሮጣል። ከዚያም በሐይቁ ላይ የ10 ሞገዶችን ማለፊያ ጊዜ ለክቶ ለ10 ማካፈል ነው። 2 ሰከንድ ከሆነ ሞገዱ እየቆመና እየከበደ ያልፋል፤ 1.5 ሰከንድ ከሆነ ግን ወሰኑ 0.59 ስለሆነ አፉ ላይ ይሰበራል። እንዲህ ባለ ሰዓት ከወንዙ አፍ ርቆ ጅረት በማይደርስበት ዳርቻ ማረፍ፣ ይህም ካልተቻለ ነፋሱ እስኪበርድ አፍንጫን ወደ ሞገዱ አዙሮ ሐይቁ ላይ መቆየት ይመረጣል።