የኪሊማንጃሮ በረዶና የምንጮቹ ጥያቄ

ከአጥቢያዎች ወደ እኛ ከሚደርሱት የውኃ ፕሮጀክት ጥያቄዎች መካከል ብዙዎቹ የሚጀምሩት «በአየር ንብረት ለውጥ ምክንያት ምንጩ ስለ ደረቀብን» በሚል ሐረግ ነው። ሐረጉ ሐሰት ነው ማለታችን አይደለም፤ የዝናቡ ጠባይ መለወጡን ገበሬው ከማንም ቀድሞ ያውቃል። ይሁን እንጂ ከምንጩ በላይ ያለው ተዳፋት መቼ እንደ ተመነጠረ፣ ውኃው በየትኛው ወር ምን ያህል እንደ ቀነሰ፣ ከምንጩ የሚቀዳው ሕዝብ ስንት እጥፍ እንደ ሆነ የሚገልጽ አንድም መስመር ሳይኖር ምክንያቱ ብቻ ተጽፎ ይመጣል። ለአንድ ነገር መጥፋት ምክንያት መስጠት ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ የሚያስተምር ምሳሌ በምሥራቅ አፍሪካ ስላለ፣ በዚህ እትም እርሱን ልናጠና ወደድን። ምሳሌው በታንዛንያ የሚገኘው የኪሊማንጃሮ ተራራ በረዶ ነው።

አስቀድመን ስለ ቃላቱ ጥቂት እንበል። በግእዙ መዝሙረ ዳዊት በረድ፣ ሐመዳና አስሐትያ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ስም አላቸው። በዛሬው አማርኛችን ግን ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠርም ሆነ በማቀዝቀዣ የሚረጋውን ውኃ «በረዶ» እንላለን። በዚህ ጽሑፍ እንደ ተነደፈ ጥጥ ሆኖ የሚወርደውን ለስላሳውን «አመዳይ» እንለዋለን። አመዳይ በቀዝቃዛ ተራራ ላይ ሳይቀልጥ በየዓመቱ ሲደራረብ፣ የላይኛው የታችኛውን እየተጫነ በውስጡ ያለውን አየር ያስወጣዋል፤ ከብዙ ዓመታት በኋላም ጠንካራ በረዶ ይሆንና በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ወደ ታች ይንሸራተታል። ተመራማሪዎች የበረዶ ግግር የሚሉት ይህንን ነው። እንደ ሳይቤሪያና አላስካ ባሉ አገሮች ደግሞ አፈሩ ራሱ ከገጹ በታች ቀዝቅዞ ይኖራል፤ ቢያንስ ሁለት ዓመት በተከታታይ ሙቀቱ ከዜሮ ዲግሪ በላይ ካልወጣ ዘላቂ ቅዝቃዜ ያለው መሬት ይባላል። የዚህኛው መሟሟት ቤትና መንገድ የሚያፈርስ፣ በውስጡ የቀረውን የጥንት ዕፀዋት ብስባሽም ወደ ጋዝ የሚለውጥ በመሆኑ ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል። ለዛሬው በግግሩ ላይ እንቆያለን።

ነገሩ ለአገራችንም ፍጹም ባዕድ አይደለም። አንድ የአክሱም ንጉሥ በአዱሊስ ባቆመው የእብነ በረድ ዙፋን ላይ ያስቀረጸው የግሪክኛ ጽሑፍ፣ ሠራዊቱ ወደ ሰሜን ተራሮች በዘመተ ጊዜ ሰውን እስከ ጉልበቱ የሚያሰምጥ አመዳይ እንደ ነበረ ይናገራል። ጽሑፉን በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ካሌብ ዘመን፣ ኮስማስ የተባለው ነጋዴ ገልብጦ ስላስቀረው ዙፋኑ ከጠፋ በኋላም ለእኛ ደርሷል። ከዚያ እጅግ ቀደም ብሎ ደግሞ በባሌና በአርሲ ተራሮች ላይ እውነተኛ የበረዶ ግግር ነበር። ግግሩ እየገፋ ያመጣቸውን ቋጥኞች የመረመሩ ተመራማሪዎች፣ እጅግ የሰፋው ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመታት በፊት በነበረው ጊዜ መሆኑን አረጋግጠዋል። በዚያው ዘመን ገደማ በባሌ ፊንጫ ሀበራ በተባለ ዋሻ ሰዎች ይኖሩ እንደ ነበርም ታውቋል፤ ምግባቸው በአመዛኙ የተጠበሰ ትልቅ ፍልፈል ነበር። ዛሬ በኢትዮጵያ የበረዶ ግግር የለም። በመላው አፍሪካ የቀረው በሦስት ቦታ፣ ማለትም በኪሊማንጃሮ፣ በኬንያ ተራራና በኡጋንዳና በኮንጎ ድንበር ላይ ባሉት የሩዌንዞሪ ተራሮች ብቻ ነው።

ኪሊማንጃሮ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ ሦስት ዲግሪ ያህል ርቆ የሚገኝ፣ ከፍታው 5,895 ሜትር የሆነ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 11 ቀን 1848 ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐንስ ሬብማን የተራራውን ነጭ ራስ ከሩቅ አየ። መሪው ስለ ነጩ ነገር ሲጠየቅ የሰጠው ስም በስዋሂሊ «ባሪዲ» የሚል ብቻ ነበር፤ እኛም «ብርድ» ስለምንል ቃሉን ለመተርጎም አንቸገርም። ሬብማን ያየውን ጽፎ በላከ ጊዜ ግን ለንደን የነበረው የጂኦግራፊ ሊቅ ዊልያም ኩሊ «በምድር ወገብ አጠገብ አመዳይ ሊኖር አይችልም» ብሎ ተቃወመው። ቀደም ሲል በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በሸዋ የኖረው የሬብማን ባልደረባ ክራፕፍ በ1849 የኬንያን ተራራ በረዶ አይቶ ሲመሰክርም ክርክሩ ወዲያው አልበረደም። በአሳብ የተረታ ሊቅ ይገኛል፤ በዐይን ምስክር የሚረታ ግን ያን ጊዜም ብርቅ ነበር።

ሐንስ ማየርና ሉድቪግ ፑርትሼለር በ1889 ወደ ጫፉ ሲወጡ የእሳተ ገሞራው አፍ ዙሪያውን በበረዶ ግድግዳ ተከቦ አገኙት። በ1912 በተሠራው ካርታ በረዶው የሸፈነው ስፋት 12 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በ1953 ከአውሮፕላን የተነሣው ፎቶግራፍ ሲለካ ስፋቱ ወደ ግማሽ ገደማ ወርዶ ተገኘ፤ በ2007 ደግሞ ከሁለት ካሬ ኪሎ ሜትር በታች ሆነ። በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ ከመቶ 85 እጁ ጠፋ ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ በተመራማሪዎች መካከል ጠብ የለም። ካርታና ፎቶግራፍ አጠገብ ለአጠገብ የሚያኖር ሁሉ ያየዋል።

ጠቡ የመጣው «ለምን?» በሚለው ላይ ነው። ብዙ ሰው እንደሚያስበው መልሱ ግልጽ ይመስላል፤ ምድር ሞቀች፣ በረዶውም ቀለጠ። ነገር ግን ከፌብሩዋሪ 2000 ጀምሮ በሰሜኑ የግግር ሜዳ ላይ የተተከለው የአየር ሁኔታ መለኪያ ጣቢያ ያሳየው ነገር ሌላ ጥያቄ አስነሣ። በጫፉ ላይ ያለው አየር በአማካይ ከዜሮ በታች ሰባት ዲግሪ ያህል ነው። በእንዲህ ያለ ብርድ በረዶው እንዴት ይጠፋል? ጌኦርግ ካሰር፣ ቶማስ ሞልግና ዳግላስ ሃርዲ የደረሱበት መልስ ይህ ነው። ፀሐዩ ብርቱ፣ አየሩም ደረቅ ሲሆን በረዶ ውኃ ሳይሆን በቀጥታ ወደ እንፋሎት ይለወጣል። በበጋ ወራት የታጠበ ልብስ ከዛቢያ ላይ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚደርቅ የምናውቅ ሰዎች ይህን ለመረዳት አያዳግተንም። እንዲህ መትነን ከመቅለጥ ስምንት እጥፍ የሚበልጥ ጉልበት ይፈጃል፤ ስለዚህ አየሩ እርጥብ ሆኖ አዲስ አመዳይ ቢጥልለት ኖሮ ግግሩ ራሱን ይጠብቅ ነበር። አዲስ አመዳይ ነጭ ስለሆነ የፀሐዩን ብርሃን መልሶ ይልከዋል፤ ያረጀና የጠቆረ በረዶ ግን ይጠጣዋል። እነዚህ ተመራማሪዎች የግግሩ መሳሳት የተጀመረው ከ1880 ገደማ ጀምሮ የምሥራቅ አፍሪካ አየር በመድረቁ ነው ይላሉ። በዚያው ጊዜ የቪክቶሪያ ሐይቅ መጉደሉ ለዚህ አንዱ ማስረጃቸው ነው።

በሌላ ወገን የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ሎኒ ቶምፕሰን በ2000 ከግግሩ ውስጥ ስድስት ቦታ ሰርስሮ ረጃጅም የበረዶ ዘንጎችን አወጣ። እንዲህ ያለ ዘንግ እንደ ብራና መጽሐፍ ገጽ በገጽ ይነበባል፤ ከ4,000 ዓመታት ገደማ በፊት የተቀመጠው የአቧራ ንብርብር የታላቅ ድርቅ ዘመን ምስክር ነው። ቶምፕሰን እንዳስተዋለው፣ በዘንጉ የላይኛው ክፍል ላይ በረዶው ቀልጦ መልሶ እንደ ረጋ የሚያሳይ ምልክት ይታያል፤ ከዚያ በታች ባለው የብዙ ዘመን ንብርብር ግን ተመሳሳይ ምልክት አልታየም። ከዚህ ተነሥቶ ያለንበት ዘመን ሙቀት የተለየ መሆኑን ይሟገታል።

እንደ እኛ አረዳድ ሁለቱ ክርክሮች የሚፋረሱ አይደሉም። የህንድ ውቅያኖስ ሙቀት የምሥራቅ አፍሪካን ዝናብና ድርቀት ስለሚወስን፣ የዓለም መሞቅ በእርጥበቱ በኩልም ወደ ተራራው ሊደርስ ይችላል። ማንም ወገን ቢሆን ምድር መሞቋን አልካደም፤ በአልፕስና በአንዲስ ተራሮች ያለው የግግር መቅለጥም በዚህ ክርክር የሚናጋ አይደለም። የተጠየቀው ሌላ ነው፤ በዚህ ተራራ፣ በዚህ ከፍታ፣ ይህ በረዶ በየትኛው መንገድ ጠፋ የሚለው ነው። ለትንበያ የሚቸኩሉትንም ይህ ተራራ ታዛቢ አድርጓቸዋል። በ2002 የወጣ ጥናት በረዶው ከ2015 እስከ 2020 ባለው ጊዜ ጨርሶ እንደሚጠፋ ተናግሮ ነበር፤ ዘመኑ አለፈ፣ በረዶውም ቀንሶና ተቆራርሶ እስካሁን አለ። በ2022 ዩኔስኮ ባወጣው ዘገባ ደግሞ በአፍሪካ ያሉት የዓለም ቅርስ ግግሮች እስከ 2050 ሊጠፉ እንደሚችሉ ተነግሯል።

ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ከተራራው ሥር ያለው ነው። የቻጋ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ከተራራው የሚወርደውን ውኃ በቦይ እየመራ ሙዝና ቡና ያለማል፤ ፓንጋኒ የተባለው ወንዝም ከዚሁ ተራራ ውኃ ይቀበላል። በረዶው ሲጠፋ ምንጮቹ ይደርቃሉ የሚለው ስጋት በየጋዜጣው ተጽፏል፤ ሲሰሙትም እውነት ይመስላል። እዚያው ተራራ ላይ ለብዙ ዓመታት ያጠናው የዕፀዋት ሊቅ አንድሪያስ ሄምፕ የደረሰበት ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው። የቀረው ግግር ትንሽ ነው፤ ከሚጠፋውም አብዛኛው እንፋሎት ሆኖ ወደ ሰማይ ስለሚሄድ ወንዝ አይደርስም። ውኃው የሚመጣው ከበረዶው በታች ካለው የደን መቀነት ነው። በደቡቡ ተዳፋት ዝናቡ እጅግ የሚበዛው በ2,200 ሜትር ከፍታ ገደማ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ያለው ደን ደግሞ ጉሙን በቅጠሉ፣ በቅርንጫፉና በሽበቱ እየያዘ ወደ መሬት ያንጠባጥበዋል። በላይኛው የደን ጠርዝ ያለው ዛፍ በሰሜን ተራሮች የምናውቀው የአስታ ወገን ነው።

ይህ ደን ከ1970ዎቹ ጀምሮ በእሳት እየተበላ ጠርዙ በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ወደ ታች ወርዷል። እሳቱን የሚያስነሣው ብዙውን ጊዜ ሰው ነው፤ እንዲዛመት የሚያደርገው ግን የአየሩ መድረቅ ነው። በኦክቶበር 2020 የተነሣውም ቃጠሎ ለብዙ ቀናት ነድዷል። ሄምፕ ከደኑ ጋር የጠፋው የጉም ውኃ ከግግሩ ይገኝ ከነበረው እጅግ እንደሚበልጥ አስልቷል። እንግዲህ ሁሉም ዐይኑን ወደ ነጩ ራስ አቅንቶ ሳለ ውኃው ከወገቡ ይጠፋ ነበር ማለት ነው። የአየር ንብረት ለውጥ ከዚህ ነገር ውስጥ አልወጣም፤ ነገር ግን ወደ ምንጩ የደረሰው በእሳቱና በደኑ በኩል እንጂ በበረዶው በኩል አይደለም። የደረሰበት መንገድ ደግሞ መፍትሔውን ይወስናል። በረዶን ሊመልስ የሚችል የመንደር ኮሚቴ የለም፤ እሳት የሚጠብቅ ግን ሊኖር ይችላል።

ይህ ፍርድ በሁሉ ቦታ አይሠራም። በኢንዱስ ወንዝ ሸለቆና በፔሩ ደረቅ ሸለቆዎች የግግር ውኃ በበጋ ወራት የሕዝብ ሕይወት ነው። በእኛም አገር ምንጭ ሁሉ ጉም በሚይዝ ደን አይኖርም፤ አብዛኛው የሚኖረው በክረምት ወደ አፈር በሚሰርገው ዝናብ ነው። ስለዚህ የኪሊማንጃሮን መልስ ገልብጠን ለአጥቢያችን አንወስድም። የምንወስደው አጠያየቁን ነው። ምን ጠፋ? በየትኛው መንገድ ጠፋ? የጠፋውስ ለውኃችን ምን ያህል ያበረክት ነበር? ሦስቱ ጥያቄዎች አንድ ጥያቄ እየመሰሉን ለሁሉም አንድ መልስ እንሰጣለን።

ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ አይደለም። ባለ ሃያ ሊትር ጄሪካንና ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ይበቃል። ምንጩ ጄሪካኑን በ40 ሰከንድ ከሞላው በደቂቃ 30 ሊትር ይሰጣል ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወር አንድ ደቂቃ ከፈጀበት ወደ 20 ሊትር ወርዷል። ልኬቱ ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ክረምቱ እንደ ወጣ በመስከረምና ከዝናቡ በፊት በበጋው መጨረሻ፣ በዚያው ቦታና በዚያው ዕቃ ቢደረግ መልካም ነው። ከጎኑ የዓመቱን የዝናብ መጠን በአቅራቢያው ካለው የሜትሮሎጂ ጣቢያ ጠይቆ መጻፍ ይገባል። ዝናቡ ሳይቀንስ ምንጩ ከቀነሰ ምክንያቱን ከሰማይ ሳይሆን ከተዳፋቱ እንፈልጋለን። የአንድ ዓመት ልኬት ብዙ አይናገርም፤ አምስት ዓመት የሞላው መዝገብ ግን ለማንኛውም ረጂ ድርጅት ከአሥር ገጽ ማመልከቻ ይልቅ አሳማኝ ነው።

የሰበካ ጉባኤያት በሚቀጥለው ስብሰባቸው ሊወያዩባቸው የሚገቡ ጥቂት ነጥቦችን እናክላለን። በአጥቢያችን ክልል ከሃያ ዓመት በፊት ይፈስሱ የነበሩና ዛሬ የሌሉ ምንጮች የትኞቹ ናቸው፤ ቦታቸውን የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶችስ እነማን ናቸው? የቤተ ክርስቲያኑ ደን ጠርዝ በዘመናችን ወደ ውስጥ ገብቷል ወይስ እንደ ነበረ አለ? ከደኑ በታች ያለው ምንጭና ከተራቆተው ተዳፋት በታች ያለው ምንጭ በአንድ ቀን ቢለኩ ልዩነታቸው ምን ያህል ይሆናል? የልኬቱስ መዝገብ በማን እጅ ይቀመጣል፤ ሰበካ ጉባኤው በሚለወጥበት ጊዜስ ለተተኪው በቃለ ጉባኤ የሚያስረክበው ማን ነው?