የገደል ማሚቶ በማህፀን ውስጥ፤ አልትራሳውንድና የእናቶች ጤና

ገደል ፊት ለፊት ቆሞ የተጣራ ሰው ድምፁ ተመልሶ ይሰማዋል። ከጥሪው እስከ ምላሹ ያለውን ጊዜ ከለካና የድምፅን ፍጥነት ካወቀ፣ ከቆመበት ሳይነቃነቅ የገደሉን ርቀት ማስላት ይችላል። ለነፍሰ ጡር እናቶች የሚደረገው የአልትራሳውንድ ምርመራ መሠረቱ ይኸው ሐሳብ ነው።

የድምፁ ምንጭ

የሰው ጆሮ የሚሰማው ድግግሞሹ እስከ 20,000 ኸርዝ የሚደርስ ድምፅ ነው። በሆድ ላይ በሚደረግ የእርግዝና ምርመራ ግን ከ2 እስከ 5 ሚሊዮን ኸርዝ ገደማ የሆነ ድምፅ ያስፈልጋል። ይህን የሚያመነጨው የፒዬዞኤሌክትሪክ ባሕርይ ያለው ቁስ ነው። ቁሱ ሲጨመቅ የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ይፈጥራል፤ ቮልቴጅ ሲሰጠው ደግሞ ይርገበገባል። ስለዚህ አንዱ ቁስ እንደ አፍም እንደ ጆሮም ያገለግላል። ባሕርይውን ዣክ እና ፒየር ኩሪ የተባሉ ወንድማማቾች በ1880 እ.ኤ.አ. አገኙት።

ድምፅ በለስላሳ የሰውነት ክፍሎች ውስጥ በአማካይ በሰከንድ 1,540 ሜትር ይጓዛል። የሄደው ድምፅ ከ100 ማይክሮሰከንድ በኋላ ቢመለስ፣ የደርሶ መልስ ጉዞው 15.4 ሳንቲሜትር ነው፤ ያንፀባረቀው አካል የሚገኘውም በ7.7 ሳንቲሜትር ጥልቀት ላይ ነው። ኮምፒውተሩ እንዲህ ያሉትን እጅግ ብዙ ስሌቶች አቀናጅቶ ምስል ይሠራል።

ጄሉ ለምን ይቀባል?

ድምፅ የሚንፀባረቀው የቁስ እፍጋትና በውስጡ ያለው የድምፅ ፍጥነት ብዜት በሚለዋወጥበት ድንበር ላይ ነው። ይህ ብዜት ለአየር 400 ገደማ ሲሆን ለሰውነት ግን 1.6 ሚሊዮን ያህል ነው። ልዩነቱ እጅግ ሰፊ በመሆኑ በመሣሪያውና በቆዳው መካከል ስስ አየር እንኳ ቢኖር ከድምፁ ኃይል 99.9 ከመቶው ሳይገባ ይመለሳል። ጄሉ አየሩን አስወጥቶ መንገድ ይከፍታል።

የልብ ትርታ

ድምፁ ከሚንቀሳቀስ አካል ሲመለስ ድግግሞሹ ይለወጣል፤ ይህም የዶፕለር ክስተት ይባላል። የተላከው ድምፅ 2 ሚሊዮን ኸርዝ ቢሆንና የፅንሱ የልብ ክፍል በሰከንድ 7.7 ሳንቲሜትር ፍጥነት ወደ መሣሪያው ቢጠጋ፣ ለውጡ 2 × 2,000,000 × 0.077 ÷ 1,540 = 200 ኸርዝ ይሆናል። ይህን ልዩነት ጆሯችን ይሰማል። አዋላጅ ነርሷም በድምፅ ማጉያ እያዳመጠች ትርታውን ትቆጥራለች፤ ጤናማው መጠን በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ነው።

ለእናቲቱ ምን ይጠቅማል?

በግላስጎው ከተማ የማህፀን ሐኪም የነበሩት ኢያን ዶናልድ፣ በብረት ውስጥ የተሰወረ ስንጥቅ ለመፈለግ በተሠራ የፋብሪካ መሣሪያ ሙከራ ከጀመሩ በኋላ ከባልደረቦቻቸው ጋር ውጤታቸውን በ1958 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ነፍሰ ጡር ሴት ቢያንስ ስምንት የቅድመ ወሊድ ክትትል፣ ከ24ኛው ሳምንት በፊትም አንድ የአልትራሳውንድ ምርመራ እንድታገኝ ይመክራል። ምርመራው የእርግዝናውን ዕድሜና የፅንሶቹን ቁጥር ያሳያል። እንግዴ ልጁ የማህፀኑን በር ሸፍኖ ከተገኘ ደግሞ ምርመራው ይደገማል። እስከ መውለጃው ከቆየ በምጥ መውለድ ለሕይወት የሚያሰጋ የደም መፍሰስ ያስከትላል። አስቀድሞ የታወቀላት እናት ግን ቀዶ ሕክምናና ደም ወደሚገኝበት ሆስፒታል በጊዜ ትሄዳለች። ለገጠር እናት፣ አደጋውን ከምጥ በፊት ማወቅ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው።

ከወሊድ በኋላ ደም አልቆም ቢል፣ በማህፀን ውስጥ የቀረ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ መኖሩን ለማጣራት መሣሪያው ይረዳል። ይሁን እንጂ ምስሉ እስኪነሳ ሕክምናው መዘግየት የለበትም። አልትራሳውንድ የደም ግፊትንም አይለካም፤ ከእርግዝና ጋር የሚመጣው የግፊት ሕመም የሚታወቀው በግፊት መለኪያና በሽንት ምርመራ ነው። ስለሆነም “አልትራሳውንድ ታይቻለሁ” ብሎ ሌላውን ክትትል መተው፣ ከወሊድ በኋላም ሳይመረመሩ መቅረት አደገኛ ነው።

መልመጃ፦ ድምፁ ከ130 ማይክሮሰከንድ በኋላ ቢመለስ ጥልቀቱ ስንት ነው? (መልስ፦ 10 ሳንቲሜትር ገደማ)