ስለ ዐውሎ ነፋስ፤ ከሩቅ ባሕር ተነሥቶ ስለሚያደርሰው ጉዳት

ከባሕር ዳር ወደ መራዊ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የመሸንቲ ገበሬ ነፋስን በልዩ ልዩ መልኩ ያውቀዋል። አንዱ በበጋ ቀን አቧራና ገለባ አንሥቶ በእርሻው መካከል እየተሽከረከረ የሚያልፈው ነው፤ ሌላው በክረምት ከነጐድጓድና ከበረዶ ጋር መጥቶ በቆሎውን የሚያስተኛው ነው። በጣና ላይ በደንገል ታንኳ የሚሻገሩትም ከቀትር በኋላ ሞገድ ስለሚበረታ በማለዳ መነሣትን ይመርጣሉ። ይህ ሁሉ ግን ቢበዛ በጥቂት ሰዓት የሚያልቅ ነው። በታላላቅ ውቅያኖሶች ላይ የሚነሣው ዐውሎ ነፋስ ከነዚህ ጋር በስም ይመሳሰላል እንጂ በባሕርዩ ሌላ ነው።

የውቅያኖስ ውሃ ከ26 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ብዙ እንፋሎት ወደ ላይ ይወጣል። እንፋሎቱ በሰማይ ቀዝቅዞ ደመናና ዝናም ሲሆን የያዘውን ሙቀት ለአየሩ ይለቅለታል፤ የሞቀውም አየር እንደ ገና ወደ ላይ ያርጋል፤ በታች የጐደለውን ስፍራ ለመሙላት ከዙሪያው ሁሉ ነፋስ ይሮጣል። ምድር በዛቢያዋ ስለምትዞር ግን ነፋሱ በቀጥታ መድረስ አይሆንለትም፤ በሬዎች በአውድማ ላይ እንደሚዞሩ መካከሉን ይዞራል። ፍጥነቱ በሰዓት 119 ኪሎ ሜትር ሲደርስ በአትላንቲክ ሀሪኬን፤ በሩቅ ምሥራቅ ታይፉን ይባላል፤ በሕንድ ውቅያኖስ የሚነሣው ስሙ ሳይክሎን ነው። በመካከሉ ያለው «ዐይን» የሚባለው ስፍራ ጸጥ ያለ ስለ ሆነ፤ ማዕበሉ ያለፈ መስሎት ከቤቱ የወጣውን ሰው የሁለተኛው ወገን ነፋስ ያገኘዋል።

ጣና ስለ ምን እንዲህ ያለውን ነፋስ አይወልድም? ቢባል፤ የሐይቁ ርዝመት ከ90 ኪሎ ሜትር፤ ጥልቀቱም ከ14 ሜትር ያህል አያልፍም። ዐውሎ ነፋስ ግን ስፋቱ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ነው፤ የሚመገበውም እስከ 50 ሜትር ድረስ ጠልቆ የሞቀ ውሃ ነው። ወደ የብስ ከወጣ በኋላ መኖው ይቀርበታልና በጥቂት ቀን ውስጥ ይደክማል።

በጥንት ዘመን ይህ ነፋስ የመንግሥታትን ዕድል ለውጦአል። በ1273 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ይኩኖ አምላክ ነግሦ ሳለ፤ የሞንጎሎች ንጉሥ ኩብላይ ካን ጃፓንን ለመያዝ የሰደደውን ብዙ መርከብ ታይፉን ሰበረው፤ ጃፓኖችም ነፋሱን «ካሚካዜ»፤ ማለት የአምላክ ነፋስ አሉት። በጳጉሜን 1892 ዓ.ም. በአሜሪካ ጋልቬስተን የምትባለውን የወደብ ከተማ ባሕር ሸፈናት፤ ከ6,000 የማያንስ ሰውም ሞተ። ከነዚህ ሁሉ የከፋው በኅዳር 1963 ዓ.ም. ያን ጊዜ ምሥራቅ ፓኪስታን ይባል በነበረው አገር የደረሰው ነው፤ ከ300,000 የማያንስ ሕዝብ በአንድ ሌሊት አለቀ። የሚበዛውን ሰው የገደለው ነፋሱ ራሱ ሳይሆን ነፋሱ ወደ የብስ የገፋው ባሕር ነበር። የመንግሥቱ ርዳታ ስለ ዘገየ ሕዝቡ እጅግ ተቈጣ፤ ይህም ቁጣ ከሌላው ብሶት ጋር ተጨምሮ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ባንግላዴሽ ራሷን ችላ ለመነሣቷ አንድ ምክንያት ሆነ።

ከባሕር የራቀው የኢትዮጵያ ደጋ ከዚህ ሁሉ የዳነ ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው ሳይክሎን በኤደን ባሕረ ሰላጤ ተጕዞ በሱማሌ ሰሜን ጠረፍ ወደ የብስ ወጣ፤ ዝናሙም ጅቡቲንና የኢትዮጵያን የሱማሌ ክልል በጐርፍ መታ። በዚያው ወር መኩኑ፤ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ደግሞ ሉባን የተባሉት የዐረብን ምድር መቱ። እነዚህ ሁለቱ ወደ ኢትዮጵያ ከቶ አልቀረቡም፤ የላኩት ጉዳት ግን ከሳጋር ይልቅ ሰፊ ሆነ።

ሩብ አል ኻሊ በሚባለው ሰው በማይኖርበት በረሓ በአሸዋው ኮረብታዎች መካከል ውሃ ተኛ። የበረሓ አንበጣ ዕንቍላሉን የሚጥለው በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ነውና፤ ማንም ሳያየው ሦስት ትውልድ ተራባ። ከዚያም ወደ የመን ወረደ፤ በዚያ ጦርነት ስለ ነበረ በሚገባ የሚከላከለው አልተገኘም። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ባሕሩን ተሻግሮ ኢትዮጵያ ገባ። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ የወሎንና የሰሜን ሸዋን ጤፍ፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ደግሞ የራያ ቆቦን ማሽላ ለአጨዳ ሲደርስ በላው። ገበሬው ጅራፍ እያጮኸ፤ ቆርቆሮ እየመታ፤ ጭስ እያጨሰ ቢከላከልም፤ ከአንዱ ማሳ የተነሣው በጎረቤቱ ማሳ ያርፋል። አንድ አንበጣ ክብደቱ 2 ግራም ያህል ነው፤ በቀንም የክብደቱን ያህል ይበላል፤ 1 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ 35,000 ሰው በቀን የሚመገበውን ያህል ይጨርሳል።

አንበጣን የሚጠባበቁ ሊቃውንት ስለዚህ ከመንጋው አስቀድመው የሚመለከቱት በበረሓ የወረደውን ዝናም ነው፤ አሸዋው አረንጓዴ መልበሱንም ከሰማይ በሚዞሩ ሳተላይቶች ያያሉ። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ጋቲ የተባለው ሳይክሎን የሱማሌን ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ መትቶ የዓመቱን ዝናም በሁለት ቀን አወረደው፤ ሊቃውንቱም ወዲያው ወደዚያ አሸዋ ተመለከቱ፤ ኩብኩባው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከዚያው ወጣ።