የግብዓት ደረሰኝን በስልክ መያዝ

ሞዴል አርሶ አደሮች፣ ለመስኖ የገዛችሁት የሽንኩርት ዘር ሳይበቅል ቢቀር ሻጩን የምትጠይቁት በደረሰኙና በማሸጊያው ላይ ባለው የምድብ ቁጥር ነው። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ እቀንስላችኋለሁ» የሚል ነጋዴ ካጋጠማችሁ አትቀበሉ።

የማሽን ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም በመሆኑ ፀሐይና ላብ ያጠፋዋል፤ እንደ መርሳ ባለ ሞቃት አካባቢ ኪስ ውስጥ ከርሞ ነጭ ወረቀት ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ከሱቁ ሳትወጡ ፎቶ አንሱት። ቀኑ፣ የሻጩ ስምና ጠቅላላ ዋጋው በግልጽ ይነበብ። ዘርና ኬሚካል ከሆነ ማሸጊያውንም አንሱ።

በስልካችሁ ለየሰብሉና ለየወቅቱ አንድ አልበም ክፈቱ፤ ለምሳሌ «የ2018 መስኖ ሽንኩርት»። ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ የወሰዳችሁት ማዳበሪያ፣ ኬሚካሉ፣ የፓምፕ ነዳጁ እዚያው ይግባ። የቀን ሠራተኛ ደረሰኝ ስለማይሰጥ ክፍያውን በደብተር ጽፋችሁ ገጹን አንሱ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይኸው ነው። በቴሌብር ስትከፍሉ ከ127 የሚመጣውን መልእክት አታጥፉ፣ የግብይት ቁጥሩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ስልክ ይጠፋል፣ ቦይ ውስጥም ይወድቃል። ፎቶዎቹን በየሳምንቱ ለልጃችሁ በቴሌግራም ላኩ። ዋናውን ወረቀትም በፕላስቲክ አስቀምጡ፤ ክርክር ቢነሳ ፎቶ ብቻውን ላይበቃ ይችላል።

ምርቱ ሲሸጥ በአልበሙ ያለውን ወጪ ደምራችሁ ከሽያጩ ቀንሱ። ለምሳሌ 60,000 ብር ሸጣችሁ ወጪው 41,500 ብር ቢሆን የቀራችሁ 18,500 ብር ነው፤ የቤተሰቡ ጉልበት ገና አልተቀነሰም።